ሦስት ፕሮፎርማ

የግዥ ኃላፊው የሰደበው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከእራት በኋላ ብርቱካን እየተላጠ ሳለ ነው። ራዲያተር ሠሪው የተወለደበትን ቀን ቢጠይቁት ሊያመነታ ይችላል፤ ያቺን ቅዳሜ ግን አይስታትም። የእህቱ ባል የግዥ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበርና የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች እራት ጠርቷል። ራዲያተር ሠሪውም በእህቱ ጉትጎታ ጥፍሩን በላምባ ፈትጎ፣ ኮት ተውሶ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች የሒሳብ ክፍል ሴትዮ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ እየጋለ እንዳስቸገራት ስታወራ ቆየችና ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «ያንተ ሙያ ነው አሉ፤ ምን ይሆን?» አለችው። ያውቀዋል። የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ ግፊት አይዝም፤ የክዳኑ ዋጋ ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከተከመረው ብርቱካን አይበልጥም። ይህንኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት የግዥ ኃላፊው እጁን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገበትና፣ «እሱን ተዪው፤ ቀዳዳ መድፈን እንጂ መልስ መስጠት አያውቅም» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። እህቱም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና ነው፣ ግን ሳቀች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሴትዮዋ ሞተር ጤሶ መንገድ ላይ መቅረቱን ሲሰማ፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እሱ ግን መወጋቱን ብቻ ሳይሆን የጦሩን ርዝመት በስንዝር ለክቶ ያስቀመጠ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የእህቱን ባል «እርስዎ» እያለ ይጠራዋል፤ ሰውየው እሱን «አንተ» ይለዋል፤ ሁለቱም እንደ መከባበር ቆጥረውት አሥራ አራት ዓመት ተኖረ። የሚመልሰው አጥቶ አይደለም። ማታ ማታ ጋደም ሲል ያልመለሳቸውን መልሶች አንድ በአንድ ያወጣል፣ ይወለውላል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ቀኑ ሲመጣ ከመካከላቸው አንዷን ይመርጣል።

ቀኑ የመጣ የመሰለው እህቱ በሌላ ቅዳሜ፣ ጠዋት ላይ ስትደውል ነው። እሱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ የአንድ አይሱዙ ራዲያተር ውሃ በርሜል ውስጥ ነክሮ፣ አየር እየነፋበት አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል። እህቱ የልጇ ኮምፒውተር መበላሸቱን ነገረችው። ራዲያተር አለው አሉ፣ ውሃ ይዞርበታል አሉ፣ አንተ ታውቀው እንደሆነ ብዬ ነው፣ አለችው። «ኮምፒውተር ራዲያተር ካለው ነገ ደግሞ ፍሪጅ ፍሬን ይኖረዋል» አላት፤ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባትየው ማሽኑን አቃጠለችው ብሎ ለልጅቷ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሥራ እንዳገኘላት፣ ቅጹንም ራሱ እንደሞላው፣ ኮምፒውተሩ ከተሠራ ተሸጦ እሷ ሰኞ ቢሮ እንደምትገባ ነገረችው። ልጅቷ የቤት ፕላን ከነደፉ ሰዎች ሥዕሉን ተቀብላ፣ በኮምፒውተር ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ እስኪመስል ድረስ ግድግዳውን፣ ጥላውን፣ የመስኮቱን ነጸብራቅ አድርጋ የምታወጣ ናት። ያን ማሽን ዕቃውን አንድ በአንድ እየገዛች ለመገጣጠም ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ሰኞ መዝገብ ቤት ከገባች የሷ ነገር አበቃ። «እባክህ ወንድሜ» አለች እህቱ። ወንድሜ የምትለው ስትቸገር ነው።

ቤቱ እንደ ድሮው ነው። ሶፋው እስካሁን ፕላስቲኩ አልተነሳለትም፤ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል። ግድግዳው ላይ የግዥ ኃላፊው የምስክር ወረቀቶች በመስታወት ተደርድረዋል፤ ለሦስት ቀን ሥልጠና የተሰጠው እንኳ አልቀረም። የልጅቷ ክፍል ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ከግቢው በር በላይ ነው። ባለፈው ወር ማሽኑ እየጋለ ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ቤት ሲያጓሩ፣ በር ተንኳኩቶ እንኳ እንዳልሰማች ነገረችው። ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ተከፍቶ የተኛውን ማሽን ሲያይ መጀመሪያ ሳቁ መጣ፣ ቀጥሎ ግን አጎነበሰ። ነገሩ የሚያውቀው ነው። ፓምፕ አለ፣ ጎማ አለ፣ የማሽኑ አእምሮ በሆነው ፕሮሰሰር ላይ ሙቀቱን የሚቀበል የመዳብ ብሎክ አለ፣ ላይ ደግሞ ሦስት ማራገቢያ የሚይዝ ጥቁር ቀለም የተቀባ ራዲያተር አለ። አነሰ እንጂ የአይሱዙው ወንድም ነው። ጎማውን ፈትቶ ውሃውን ወደ ነጭ ሳፋ ለቀቀው። እንደ ምስር እጣቢ የደፈረሰ፣ ግራጫ፣ ታቹ ላይ ዝቃጭ ያለበት ውሃ ወጣ። በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ ይሻክራል።

የግዥ ኃላፊው የበሩን መቃን ተደግፎ ያያል። ስምንት ወር ሌት ተቀን ስታግለው እንደኖረች፣ ብረትም እንደሚደክም፣ እሱ ከመጀመሪያው እንደተናገረ አወራ። የሚደፈን ቀዳዳ ካለው ይደፈንና ለሚፈልግ ሰው ይሸጥ አለ። ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ትቆጥራለች። ጥፋቱ የሷ እንደሆነ አምናለች፤ ከትከሻዋ አወዳደቅ ያስታውቃል።

«ራዲያተሩን ማን ነው የገዛው?» አለ ራዲያተር ሠሪው።

«እኔ ነኛ! ሌላውን እሷ፣ ይኼን እኔ፤ ለልደቷ። በሦስት ፕሮፎርማ ነው የገዛሁት፤ ፋይሉ አለ፣ ላምጣልህ?»

ትዝ አለው። ያኔ እኔም አብሬ ልየው ብሎ ነበር፤ «ይኼ የመኪና አይደለም» ተብሎ ቀረ። ለዚያችም ያልመለሳት መልስ ከሌሎቹ ጋር ተወልውላ ተቀምጣለች።

ሰውየው ፋይሉን ሊያመጣ ደረጃውን ሲወርድ፣ ራዲያተር ሠሪው መሣሪያ ከሚይዝበት የጣሳ ሳጥን ምስማር አወጣና ከማሰሪያው ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ ቀለሙን ጫር አደረገው። ነጭ ወጣ። ምስማሩን ወደ ብሎኩ አዙሮ ጫረው፤ ቀይ። ልጅቷን በጣቱ ጠርቶ ሁለቱን ጭረቶች አሳያት። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ከዋሉ ጣውንት ናቸው አላት። መዳቡ ምንም አይሆንም፣ አሉሚኒየሙ ግን እየተበላ ያልቃል፤ የተበላው ዝቃጭ ደግሞ ሄዶ የመዳቡን ቀጫጭን ጉሮሮ ይዘጋዋል። ቀን ብቻ ብታሠሪውም፣ ጨርሶ ባታሠሪውም፣ ውሃው ውስጥ እስካሉ ይበላላሉ።

ልጅቷ ነጩን ጭረት ስታየው ቆየች። «እኔ አይደለሁማ» አለች።

«አይደለሽም።»

ፊቷ ይፈካል ብሎ ሲጠብቅ ጠቆረ። ከታች የመሳቢያ መክፈቻና መዝጊያ ድምፅ ይሰማል። «አጎቴ፣ ለአባዬ እንዳትነግረው» አለችው። «ካንተ አፍ ከሰማው ካንተ ጋር ይጣላል፣ ያንተና የሱ ጠብ ይሆናል፣ የኔ ነገር መሀል ላይ ይቀራል። ይወቀውና ራሱ ይንገረኝ። ስምንት ወር ሙሉ አቃጠልሽው ብሎኛል፤ አላቃጠልሽውም የሚለኝም እሱ ነው።»

አሥራ አራት ዓመት የጠበቀው መልስ አፉ ውስጥ ደርሶ ነበር። አሉሚኒየም ነው የገዙት፣ ጌታዬ፤ ልጅዎትን በገዛ እጅዎ ነው ያቃጠሏት። ይህን እህቱ ባለችበት፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሊናገረው ነበር። አሁን ይህች ትንሽ ልጅ ከአፉ ነጠቀችው። ሊቆጣት ፈልጎ ፊቷን ሲያየው የሟች እናቱን ፊት አገኘ፤ ጎረቤቷን ሃያ ሁለት ዓመት ኩርፍ ብላ፣ ሰላምታ ግን አንድ ቀን ሳታጓድል የሞተችውን እናቱን። ቂም በእናት በኩል ነው ለካ የሚመጣ አለና በልቡ፣ «እሺ» አላት። ብሎኩን በሆምጣጤ ዘፍዝፋ በጥርስ ብሩሽ እንድታጸዳው ነገራት።

ፋይሉ ሰማያዊ ነው። የግዥ ኃላፊው ገልጦ ያወዳደረበትን ሠንጠረዥ አሳየው፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ለቤቱ የተሠራ የማይመስል ሠንጠረዥ። የዕቃው ዓይነት፦ ራዲያተር፣ ለኮምፒውተር፣ ባለ ሦስት ማራገቢያ፣ ጥቁር። አንደኛው ሱቅ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ሁለተኛው አሥራ አምስት ሺህ አምስት መቶ፣ ሦስተኛው ሰባት ሺህ። ሰባቱ ሺህ በቀይ ተከቦ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ፣ አሸናፊ» ተብሎበታል፤ ከሥሩም ፈርሞበታል። ለልጁ ልደት ስጦታ ሲገዛ የፈረመ አባት ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የብረቱ ዓይነት የሚል ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ የለም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሲገዛ ነው የኖረው፤ ሚስቱ እንደምትለው በዚያ መሥሪያ ቤት ቀለም የማይተፋ እስክሪብቶ፣ የማያነክስ ወንበር አይገኝም፣ ግን አንድም ኦዲተር ጥፋት አላገኘበትም። ራዲያተር ሠሪው ፋይሉን ዘጋና «አዲስ መግዛት ነው» ብቻ አለ።

ሁለቱ በሰውየው መኪና ወጡ። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከግማሽ አልፋ ወደ ቀዩ ስታዘነብል ራዲያተር ሠሪው አየ። አልተጠየቀም፤ አልተናገረም።

ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በስልክ ጠጋኞችና በጫማ ሻጮች መካከል ነው። ሻጩ ቀጭን፣ ፂሙን ከማሻሸት የማያርፍ ሰው ነበር፤ ሦስት ራዲያተሮች አውጥቶ መስታወቱ ላይ ደረደረላቸው። ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም እኩል ርዝመት፣ ለማያውቅ ሰው ሦስት መንታ ናቸው። የግዥ ኃላፊው ለልጁ ኮምፒውተር መሆኑን ተናግሮ ዋጋቸውን ጠየቀ፣ ስምንት ሺህ የተባለውን በጣቱ ወደ ራሱ ሳብ አደረገና «ይኼ ነው» አለ፤ ከዚያ ነው መነጽሩን ያደረገ። ራዲያተር ሠሪው አንድ በአንድ አነሳቸው። በመዳፉ መዘናቸው፤ የስምንት ሺው እንደ ባዶ ካርቶን ቀለለው። ቀጫጭን ቅጠሎቹ መሀል ለመሀል እፍ እያለ በሌላው በኩል እጁን ደቀነ። ከዚያ ምስማሩን አውጥቶ የስምንት ሺውን ከጎኑ ጫረው።

የግዥ ኃላፊው እጁን ያዘው። ወደ ሻጩ ዞሮ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፤ የሚስቴ ወንድም ነው። ቀዳዳ መድፈን ነው የለመደው» አለ፤ ሳቀም።

ያው ሳቅ ነው። አሥራ አራት ዓመት አንድ ጥርስ አላጎደለበትም። ራዲያተር ሠሪው ምስማሩን ጨበጠ፣ መልሶቹ ሁሉ ተጋፍተው መጡ፤ ለልጅቷ የሰጠው «እሺ» ግን አስሮታል። ሻጩ ግን አልሳቀም። ጭረቱን በአውራ ጣቱ ደበስ አድርጎ፣ «ኧረ ጋሼ፣ እኚህ ሰው ያውቃሉ» አለ። «ይኼ አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኩ አሉሚኒየም ለሆነ ሰው ነው የምሸጠው። የልጅዎት ብሎክ መዳብ ከሆነ ይኼን እንዳያስገቡባት፤ ውስጡን ዝቃጭ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ባለፈው ዓመት ስንቱን መለሱብኝ።»

የግዥ ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። መልሶ አደረገ። «በስንት ጊዜ?» አለ።

«ስድስት ወር፣ ስምንት ወር። እንደ ውሃው ነው።»

ከአጠገባቸው ካለው ሱቅ አንዲት ሴት ስለ ጫማ ቁጥር ስትከራከር ይሰማ ነበር። የግዥ ኃላፊው አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሳ፣ ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ወደ ሚስቱ ወንድም ቀና ብሎ አየና ዓይን ለዓይን ሲገጥሙ መሬት መሬት አየ። ራዲያተር ሠሪው ይህን አስተያየት ጠጣው። ሰው ውሃ የሚጠጣው እንዲህ ከሆነ ጥምን ማንም አይጠላም ነበር። ሰውየው ድንገት ቦርሳውን አወጣና «በቃ ውዱን ስጠን» አለ፤ ሃያ አንድ ሺህ የተባለውን። ራዲያተር ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። ውዱ መዳብ ነው፣ ግን ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ እፍ ሲለው ትንፋሹ ወደ ፊቱ ተመልሶበታል፤ እሱን ለማቀዝቀዝ የሚያጓራ ማራገቢያ ይፈልጋል፣ ልጅቷ ደግሞ ከጩኸት መገላገል ነው የምትፈልገው። መካከለኛውን አነሳ። ከብዷል፣ ሲጫር ቀይ ነው፣ እፍ ሲለው በወዲያ በኩል ያለው ደረሰኝ ከመስታወቱ ላይ ተነሳ። አሥራ ሰባት ሺህ። የግዥ ኃላፊው ሳይከራከር፣ ፕሮፎርማ ሳይጠይቅ ከፈለ። በመልስ መንገድ ላይ የመኪናዋ መርፌ እንደገና ወደ ቀዩ ትሄዳለች።

ከሰዓት በኋላውን ከልጅቷ ጋር አሳለፈው። ራዲያተሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ በብስክሌት ፓምፕ አየር ነፋበት፤ አንድም አረፋ አልወጣም። ዕቃው አዲስ ነው፣ ግን ሳይነክር የገጠመው ራዲያተር በዕድሜው የለም። ብሎኩ ታጥቦ እንደ አዲስ ሳንቲም ቀልቷል። ገጠሙ፣ ሞሉ፣ አየሩ እስኪወጣ ማሽኑን እንደ ሕፃን ወዲህ ወዲያ እያዘነበሉ አቀፉት። ሲያስነሱት መጀመሪያ አልተነሳም ብለው ነበር፤ ድምፅ አልነበረውማ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከባድ ሥራ ሰጥታ አሠራችው፤ ከግቢው የሚንጠባጠበው የቧንቧ ውሃ ድምፅ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ልጅቷ ሳቀች። ክፍሉ ስለታፈነ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

እህቱ ሻይና ዳቦ አቅርባ ጠራቻቸው። አራቱም በሚንኮሻኮሸው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። የመዝገብ ቤቱ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ፣ የስኳር ዕቃ ተጭኖበት አለ። እህቱ ለመጠየቅ ያህል፣ «ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና አባቷን አየችው። ስታየው ቆየች። ራዲያተር ሠሪው ዳቦውን ይዞ ቀረ። የግዥ ኃላፊው ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም አማሰለው።

«ያው... ውሃው ነው» አለ። «ስምንት ወር ሌት ተቀን ማጋልሽ ነው፤ ብያለሁ። አጎትሽ አዲስ ባይገጥምልሽ አብቅቶ ነበር። ለማንኛውም የሰኞው ነገር አይቀርም፤ ነገ ደግሞ ታቃጥዪዋለሽ።»

ልጅቷ አጎቷን አላየችውም። ቅጹን ከስኳር ዕቃው ሥር ሳብ አድርጋ ይዛ፣ «እሺ» ብላ ደረጃውን ወጣች። እህቱ የልጅቷን ጀርባ፣ ከዚያ የባሏን ፊት፣ ከዚያ የወንድሟን እጅ አየች። በዚህኛው ቅዳሜ አልሳቀችም። ራዲያተር ሠሪው ሻዩን ጨረሰ፣ የጣሳ ሳጥኑን አነሳ፣ ደህና ዋሉ አለ።

የግዥ ኃላፊው እሸኝሃለሁ ብሎ ተከተለው። አሥራ አራት ዓመት ሸኝቶት አያውቅም። ገና ግቢውን እንደጀመሩ፣ «ስማ» አለው በሹክሹክታ። ራዲያተር ሠሪው እንዳልሰማ ሆኖ እስከ በሩ ሄደ፤ በሩ አጠገብ ሳጥኑን አስቀመጠና ያልተፈታ የጫማ ክሩን ሊያስር ጎንበስ አለ። ከላያቸው መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማራገቢያ አይሰማም። ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«አሉሚኒየም መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ የግዥ ኃላፊው። ራዲያተር ሠሪው አንደኛውን ክር አሰረ። «ፕሮፎርማው ላይ አልተጻፈም። ሰባት ሺህ ሲለኝ... ግዥ ግዥ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁባት፣ እሺ። አውቃለሁ። ግን አሁን ምን ብዬ ልንገራት? ስምንት ወር የተናገርኳትን?» ራዲያተር ሠሪው ሁለተኛውን ክር ፈታና እንደገና ማሰር ጀመረ። ዝም ማለቱ ሰውየውን እንደ ምስማር ይጭረዋል፤ በጫረው ቁጥር ቀለሙ ይነሳል። «ለልጅቷ ነግረሃታል? ጠዋት ፋይሉን ሳመጣ ነግረሃታል እንዴ?» ድምፁ ከሹክሹክታ አልፎ ነበር። «ወንድሜ፣ እባክዎ፤ አንድ መልስ ይስጡኝ።»

እርስዎ አለው። ራዲያተር ሠሪው ቀና አለ። ላይኛው መጋረጃ ነፋስ ሳይኖር ተንቀሳቀሰ፤ የመስኮቱን ደፍ የያዙ አራት ጣቶች፣ ከጣቶቹም መሀል የታጠፈው የመዝገብ ቤት ቅጽ ታየው። የግዥ ኃላፊው ወደ ላይ አላየም፤ የሚስቱን ወንድም አፍ ነበር የሚያየው። ራዲያተር ሠሪው ሳጥኑን አነሳ፣ በሩን ከፈተ፣ ወደ አውቶቡሱ መንገድ ሄደ።